ከጉና ማዶ ያለችው አስካለ

በእግር መሄድ አልወድም። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለ ጉና ሳወራ ዳገት ወዳድ መስዬ እንዳልታያችሁ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ንፋስ መውጫ መሐል ከተማ፣ ባጃጅ እስከ በር ድረስ በሚመጣበት ሰፈር ነው። ተራራ ሳይ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ጉልበቴ ነው። አማቴ ሰዒዳ ግን ሌላ ፍጥረት ናቸው። ስድሳን አልፈውም የሚደክማቸው ሜዳ ላይ ነው፤ ዳገት ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል።

በገበያ ቀን ለሚያያቸው ሰው ከሌሎቹ ነጋዴዎች የተለዩ አይደሉም። ሳሙና፣ መርፌ፣ ጨውና ሻሽ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ባለቤታቸው፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሸማኔ ነበሩ። ከበግ ጠጉር ባና ይሠሩ ነበር፤ ያ ደጋ ላይ ሰው ተከናንቦት የሚያድረውን ወፍራም ልብስ። ለባናው የሚሆነውን ፈትል የሚፈትሉት ከጉና ተራራ ማዶ፣ በእስቴ ወገን ያሉ ሴቶች ናቸው። አንድ ዓመት ሸማኔው ታመሙና ፈትሉን ለመቀበል አማቴ በእሳቸው ፋንታ ወጡ። ከዚያኛው ወገን ደግሞ የመንደሩን ፈትል ሰብስበው የመጡት እትዬ አስካለ ነበሩ።

ሁለቱም ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ነበሯቸውና ወጥቶ ማደር አይሆንላቸውም። ስለዚህ ተራራውን ለሁለት ተካፈሉት። በየወሩ፣ በሚካኤል ማግስት፣ አንዷ ከኛ ወገን ከጋይንት ሌላዋ ከእስቴ ወጥተው አናቱ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ይገናኛሉ። ፈትሉን በጨውና በሳሙና ይለዋወጡና ወሬያቸውን አውርተው ሳይመሽ በየመጡበት ይወርዳሉ። አማቴ በሰላታቸው የማይቀልዱ ሙስሊም ናቸው፤ ሆኖም ሚካኤል ስንት ቀን እንደቀረው ከሰፈራችን ቄስ ቀድመው ያውቃሉ።

ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ዓይነት ሄደ። ሸማኔው ሞቱ። ሰውም የቻይና ብርድ ልብስ ለመደና ባና የሚጠይቅ ጠፋ። አማቴ ግን ፈትል መቀበላቸውን አልተዉም። እኛ ቤት አንዱ ክፍል እስከ ጣሪያው ፈትል ነው። ልጃቸውን ታጁን አግብቼ ስመጣ የሚሸጥ ዕቃ መስሎኝ ነበር፤ ማን እንደሚገዛው ስጠይቃቸው ወሬ ቀየሩብኝ።

የሚገርመው ነገር፣ አማቴ የእትዬ አስካለ ልጅ መቼ እንደተዳረ፣ የትኛዋ ላም እንደመከነችባቸው፣ ባላቸው በምን ሕመም እንደሞተ ያውቃሉ። ቤታቸው የት እንደሆነ ግን አያውቁም። እትዬ አስካለም የኛን ደጅ ረግጠው አያውቁም። ሁለቱም ነይ አላሉ፣ ሁለቱም ልምጣ አላሉ።

በጥር እትዬ አስካለ ቀሩ። አማቴ ድንጋዩ ላይ ውለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሰርግ ይሆናል አሉ። በየካቲትም ቀሩ። ከዚያ በኋላ አማቴ ሱቅ ውስጥ ጨው ለጠየቃቸው ሰው ሳሙና ይሰጡ ጀመር።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጥመው ነበር የገቡት። አንድ ማታ ስናፈጥር ተምሩን በእጃቸው እንደያዙ፣

“ሞታ እንደሆነስ?” አሉ። “ለቅሶ ያልደረስኳት ሰው ሆኜ ልቀር ነው?”

ታጁ ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ነገር ሁሉ በመኪና የሚያልቅ ይመስለዋል። “እማዬ፣ ጾሙ ይውጣና እኔ ራሴ በእስቴ በኩል ዞሬ አጠይቅልሻለሁ” አላቸው።

“ማን ቤት ብለህ?”

አማቴ የአስካለን የአባት ስም እንኳን እንደማያውቁ ያን ጊዜ ነው የገባቸው መሰለኝ።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆነን ሳለ የሆዳቸውን ነገሩኝ። “ሞታም ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ኢስራ። በሕይወት ካለችስ በየትኛው ፊቴ እገባለሁ? አንድ ቀን ነይ ብላኝ አታውቅም። ድንጋይ ላይ ወዳጅ መሆን ሌላ ነው፣ ቤት ሌላ ነው። እስላም ቤቷ መግባቱን ባትወደውስ? የሃያ ዓመቱን ነገር በአንድ ቀን ላበላሸው?”

ብቻ የመጋቢት ሚካኤል ባለፈ በማግስቱ ቦርሳቸውን አንግተው ሲነሱ፣ ታጁ “አብረሻት ሂጂ” አለኝ። የሹፌር ሚስት መሆኔ የጠቀመኝ እስከ ተራራው ግርጌ ብቻ ነው። እዚያ አወረደንና አማቴ “ካልተመለስን አደርን ማለት ነው” ብለውት፣ መኪናውን አዙሮ ሄደ።

ገና ፀሐይ አልወጣችም። ባሕር ዛፉን አልፈን የገብስ ማሳ ውስጥ ስንገባ አመዳዩ ከጫማዬ ሥር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሽ ነበር። ሱሑር ላይ፣ ከንጋት በፊት፣ የበላሁት ገንፎ መጀመሪያው ዳገት ላይ አለቀ። አማቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከፊቴ ይሄዳሉ። አይፈጥኑም፣ ግን አይቆሙም። እኔ እሮጥና እቆማለሁ፣ እሮጥና እቆማለሁ፤ ቀና ብዬ ሳይ ግን ሁልጊዜ ከፊቴ ናቸው። አንድ ነገር ብጠይቃቸው በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ። ዳገት ላይ ወሬ የለም፤ ወሬ የሚፈቀደው ሜዳ ላይ ነው። ይህ የእሳቸውና የእትዬ አስካለ ሕግ ነው።

የመጨረሻዎቹ ቤቶች ከኋላችን ቀሩ። ቀጥሎ የአስታ ቁጥቋጦ መጣ፣ ግንዱ ሁሉ የዛፍ ሽበት አብቅሏል። አስታው እያጠረ፣ እያጠረ ሄደና በመጨረሻ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ ጓሳ ብቻ ሆነ። ጓሳ ማለት ያ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚታጨደው ረጅም የደጋ ሣር ነው። ከተማ ውስጥ ገመድ ሆኖ ሳየው ኖሬ፣ እንዲህ ተራራ ሙሉ ሆኖ አላውቀውም ነበር። ነፋስ ሲመጣ ከታች ጀምሮ ይተኛል፣ ሲያልፍ ይነሳል። ድምፁ ሹክሹክታ ነው። ከዚያ ውጭ ምንም የለም። መኪና የለ፣ ውሻ የለ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን የለ። ጆሮዬ ውስጥ የራሴን ደም ሰማሁት ብል ማጋነን አይደለም።

“ደከመሽ?” አሉኝ ሜዳው ላይ ስንደርስ። “መንገደኛ ነሽ፤ ብታፈጥሪ አላህ አይቆጣሽም።”

“እርስዎስ?”

“እኔማ ለምጄዋለሁ።”

እልህ ያዘኝ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት እየጾሙ እኔ ውሃ ልጠጣ? “እኔም ለምጄዋለሁ” አልኩና ቀጠልኩ። ውሸቴን ነበር።

ጉም መጣ። ከእስቴ ወገን ሽቅብ እየተንከባለለ መጥቶ በአንድ ጊዜ ዋጠን። አማቴ ቆሙና ነጠላቸውን ጠበቅ አደረጉ። ከሥሩ ውሃ የቋጠረ ቦታ ስላለ በጓሳው ጉብታ ጉብታ ላይ እንድረግጥ አሳዩኝ። ጥቂት እንደሄድን ከፊት ለፊት አንድ ሰው ቆሞ አየሁ፣ ረጅም፣ ጋቢ የተከናነበ።

“እማዬ! እሳቸው ናቸው! መጥተዋል!”

አማቴ ዓይናቸውን አጥብበው አዩና ሳቁ። ከጥር ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። “ጅብራ ነው፣ ልጄ። አስካለ እንደሱ ቀጥ ብላ ቆማ አታውቅም።”

እውነትም ጅብራ ነበር፤ ያ ከሰው የሚረዝመው፣ አናቱ ላይ ቅጠሉን የከመረው የብርድ አገር ተክል። ጉሙ ሲገፈፍ ብዙ ሆነው ታዩኝ፣ ተራራው ላይ ተበታትነው ቆመዋል። ከእነሱ ማዶ አንድ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን ቀስሮ አይጥ ያደምጥ ነበር። ቀና ብሎ አየን፣ የሚረባ ነገር እንዳልሆንን ገባውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። አማቴ በየወሩ ለምን እንደሚወጡ ግማሹ ገባኝ።

ድንጋዩ ተራ ድንጋይ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አማቴ በግራ በኩል ተቀመጡ፣ እኔ በቀኝ ልቀመጥ ስል እጄን ያዙኝ።

“እዚያ እሷ ናት የምትቀመጠው።”

ቆሜ ጠበቅሁ። ፀሐይ አናታችን ላይ ደረሰች። አማቴ ከድንጋዩ አጠገብ ካለች ምንጭ ታጥበው ውዱእ አደረጉና የቀትሩን ሰላት፣ ዙህርን፣ ሰገዱ፣ እኔም ሰገድኩ። ማንም አልመጣም። ከእስቴ በኩል የሚወጣው ቀጭን መንገድ ባዶውን ተጋድሟል።

ከዚያ አማቴ ተነስተው ወደ ቁልቁለቱ አፋፍ ሄዱና ቆሙ። ከታች እስቴ ተዘርግቷል፤ የታረሰ ቀይ መሬት፣ ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ ቤት፣ እዚህም እዚያም ጭስ። ከድንጋዩ ወዲያ አንድ ጫማ ረግጠው አያውቁም። ማንም አልከለከላቸውም። አጥር የለ፣ ኬላ የለ። ግን እግራቸው አልተነሳም። ያን ሁሉ ዳገት ሳይቆሙ የወጡ ሴት ቁልቁለት አፋፍ ላይ ተገትረው ቀሩ።

“እንመለስ” አሉኝ። “አልጠራችኝም።”

በዚህ ጊዜ ነው የተናደድኩት። ርቦኛል፣ ጠምቶኛል። “እማዬ፣ ይስሙኝ። ሞተው ከሆነ ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ ጥሪ አይፈልግም። ታመው ከሆነ ጥየቃ ነው፤ ጥየቃም ጥሪ አይፈልግም። በሰላም ካሉ ደግሞ ለምን ቀሩብን ብለን እንቆጣቸዋለን። ለቁጣማ ጨርሶ ጥሪ አይፈለግም!”

“አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ስለት ነው” አሉና ወረዱ።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ መጀመሪያ ያገኘነው በሬዎቹን ውሃ የሚያጠጣ ገበሬ ነበር። ስሙ ደሴ እንደሆነ በኋላ አወቅን። ሰላምታ ተለዋወጥን።

“የአስካለ ቤት የት ይሆን?” አሉት አማቴ።

“የትኛዋ አስካለ?”

“ጠጉር የምትፈትለው።”

“እናቴ፣ እዚህ የማይፈትል ማን አለ?”

አማቴ ተጨነቁ። ያላቸውን ምልክት ሁሉ አወጡለት። “ባሏ በሳንባ የሞተባት። ወንድ ልጇን ዓምና የዳረች። ስትስቅ አፏን በነጠላ የምትሸፍነው።”

“አሃ!” አለ ደሴ። “የወደቀችዋ!”

አማቴ ክንዴን ጨበጡኝ። ጥፍራቸው ገባ። “ነፍሷ አለ?”

“አለ እንጂ! ዳሌዋ ነው። በገና ሰሞን እንጨት ለቅማ ስትመለስ ሸርተት ብላ ወደቀች። ከቤት አትወጣም እንጂ ምላሷማ ደኅና ነው።”

“አልሐምዱሊላህ” አሉ አማቴ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለው። ደሴ ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት ያየኛል። አማቴ ያለቅሳሉ። እኔም አለቀስኩ፤ ግማሹ ደስታ ነው፣ ግማሹ ድካም።

ቤቱ ከመንደሩ ዳር ነው። ደጅ ላይ አንዲት ሆዷ የገፋ ወጣት ሴት ድንች ትልጣለች። የእትዬ አስካለ ምራት ፍቅርተ ናት፣ ከስማዳ ከወገዳ የመጣች። ባሏ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዷል።

“እንደምን ዋላችሁ። ማን መጣ ልበል?”

“ሰዒዳ በያት” አሉ አማቴ፣ ከደጃፉ ሳይጠጉ።

ፍቅርተ ቢላዋውን ጣለችው። አማቴን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። ከዚያ አንቱታውን ሁሉ ረስታ ወደ ውስጥ ጮኸች፦ “እማማ! ሰዒዳ መጣች!”

ከውስጥ፣

“ውሸትሽን ነው” የሚል ድምፅ መጣ።

እንዴት እንደተገናኙ ብዙ አልናገርም። እትዬ አስካለ መደብ ላይ ናቸው፣ መነሳት ሞክረው አልሆነላቸውም። አማቴ ጎንበስ ብለው አቀፏቸው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ “አይ አንቺ፣ አይ አንቺ” ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

“ሰው ልኬ እንዳልነግርሽ ልጄ የለ” አሉ እትዬ አስካለ ዓይናቸውን እየጠረጉ። “ይቺ ደግሞ እንደምታዪያት ናት፣ ዳገት አትወጣ። በየሚካኤሉ ማግስት እዚህ ተኝቼ አሁን ደርሳለች፣ አሁን ተቀምጣለች፣ አሁን ተመልሳለች እላለሁ።”

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አማቴ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ተምርና ዳቦ አወጡ። “ለማፍጠሪያችን ስንቅ ይዘናል፣ አስካለ። እንዳትቸገሪ። እደጅ ቁጭ ብለን እንቀምሳለን።”

በቅንነት ነው ያሉት። ክርስቲያን ቤት ሥጋ የተሠራበት ድስት ውስጥ የበሰለ ሙስሊም አይበላም፤ እንግዳ ሆኖ አልበላም ማለት ደግሞ ነውር ነው። ስንቅ መያዝ ሁለቱንም ያድናል። የእትዬ አስካለ ፊት ግን ጠቆረ።

“ፍቅርተ” አሉ። “ቆጡ ላይ ያለውን አስወርጂ።”

ፍቅርተ አፏን ከፈተች። “እሱን? ዛሬ ይነካል?”

እሷ መውጣት ስለማትችል እኔ ወጣሁ። ከእህሉ ጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር። አውርጄ ፈታሁት። አንድ የሸክላ ድስት፣ አንድ ወጭት፣ አንድ ኩባያ። ድስቱ እሳት ነክቶት አያውቅም፤ ከሸክላ ሠሪዋ እጅ እንደወጣ ነው።

“እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እሱን ንኪ ተብዬ አላውቅም” አለች ፍቅርተ። “አንድ ቀን ሽሮ ልሠራበት ባወርደው እጄን መቱኝ። ‘የሰዒዳ ነው!’ አሉኝ። ሰዒዳ ማለት የሞተች ዘመድ መስላኝ ነበር።”

አማቴ ድስቱን ከእጄ ተቀበሉና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። “መቼ ገዛሽው?”

“ታጁን ኩፍኝ የያዘው ዓመት” አሉ እትዬ አስካለ። ታጁ ዛሬ ሠላሳ ሊሞላው ምንም አልቀረው። “ከኛ ሥጋ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም። ከኛ ቅቤ ጋርም አልተገናኘም። ይኸው ማርያምን።”

“ታዲያ ለምን ነይ አላልሽኝም?”

“ብጠራሽ አንቺ ዕቃው ምን ነክቶት ይሆን ብለሽ ልትሳቀቂ፣ አልበላም ብትዪኝ እኔ ልከፋ። ራስሽ ልምጣ ብትዪኝ ግን ዕቃሽ አለ ልልሽ ነበር። አንቺ ለምን አልመጣሽም?”

“ነይ ስላላልሽኝ።”

ተያዩ። እኔም ሁለቱንም አየኋቸው። ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ ዳገት! ይሉኝታ የሚባለው ነገር በአካል ቢገኝ እዚያው ምድጃ ውስጥ በማገድኩት ነበር። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው መሳቅ ጀመሩ፣ አማቴም ተከተሏቸው፣ ሲስቁም ሲያለቅሱም እንባው አንድ ሆነ።

ፍቅርተ ሽሮውን ልትሠራ ድስቱን ስታገላብጥ ቆመች። “እማማ፣ ይሄ አልተሟሸም እኮ! አዲስ ሸክላ ሳያሟሹ እንዴት ይበሰልበታል?”

“በምን ላሟሸው?” አሉ እትዬ አስካለ። “ከኛ ቤት ነገር ከነካው በኋላ የሷ አይሆንም ብዬ ፈራሁ። እንዲሁ ሥሪው።”

ፀሐይ ገባች። የእትዬ አስካለ ጾም ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር የሚፈታው፤ ከጠዋት ጀምሮ አፋቸው እህል እንዳልነካ ፍቅርተ ሹክ አለችኝ። ከእኛ ጋር ሊበሉ ነበር የቆዩት። ተምሩን አማቴ ለእሳቸው አቀበሏቸው፣ ለራሳቸውም አንድ ያዙ። “ቢስሚላህ” አሉ አንዷ፣ “በስመ አብ” አሉ ሌላዋ፣ ሽሮው በወጭት ቀረበ።

ሽሮው አፈር አፈር ይል ነበር። እኔ እንኳን ያን ሁሉ ተርቤ፣ ሁለቴ ጎርሼ ውሃ ጠጣሁበት። አማቴ ግን እንጀራውን እያጠቀሱ ወጭቱን እስከ ታች ጠርገው በሉና ለፍቅርተ ዘረጉላት።

“ትንሽ ጨምሪልኝ እስቲ፣ ልጄ” አሏት።